«ደሴ አልሄድም፣ በቃኝ» ላሉ እናት ወኔ ከየት ይመጣል?

ጥያቄው፦ «ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። በ77ቱ ድርቅ ገና ልጅ ሆና እናትና አባቷን ቀብራለች፣ ከዛ ሰው ቤት እየሰራች አደገች፣ አባቴ ሲሞት ደሞ አራታችንንም እንጀራ እየጋገረች ጉልት እየቸረቸረች አሳደገችን። በ2014 ጦርነት ጊዜ የልጅ ልጇን አዝላ በእግሯ ነው የወጣችው። አሁን ጡቷ ላይ ያለው እብጠት ካንሰር ነው ተባለ፣ ዶክተሩ ስቴጅ 3 ነው፣ ሌላ ቦታ አልሄደም፣ ቶሎ ኬሞ ይጀመር አለ። ለሷ ግን እጢ ነው ብለናታል፣ ወንድሜ ካንሰር መሆኑን ካወቀች በድንጋጤ ትሞትብናለች ብሎ። ለህክምና ደሴ እንሂድ ስንላት ‹በቃኝ፣ ያየሁት ይበቃኛል፣ አላህ የጻፈው ይሁን› ብላ እንቢ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ አብሽሪ፣ አይዞሽ ይላታል፣ እሷ ዝም ነው። ያ ሁሉ መከራ ያልጣላት ሴት አሁን ምን ነካት? ወኔ እንዴት ልስጣት? ይሄን ያመጣባት የዕድሜ ልክ ሀዘኗ ነው የሚሉም አሉ፣ እውነት ነው?»

ምላሽ፦

ነገሩን ከተሳሳተ ጫፍ ነው የያዝሽው። እናትሽ ወኔ አላነሳቸውም። «እጢ ነው» ብላችኋቸዋል፣ ለእጢ ብሎ ደግሞ ወራት ሙሉ የደሴን ጠመዝማዛ ዳገት ሐረጎን እየወጣ እየወረደ መርፌ የሚወጋ ሰው የለም፣ እኔም ብሆን እንቢ እላለሁ። ምን እንደገጠማቸው ሳትነግሯቸው ለምን አይደፍሩም ማለት ልክ አይደለም። ደግሞ አያውቁም ብለሽ ታስቢያለሽ? እሳቸው ሲገቡ ወሬ ይቋረጣል፣ ወንድምሽ ስልክ ለማውራት ደጅ ይወጣል፣ ቡና ላይ አስራ ምናምን ሰው አብሽሪ ይላቸዋል፣ በዚህ ዕድሜያቸው ይሄን ማንበብ የሚያቅታቸው ይመስልሻል? እኔ ጋ የሚመጡ ቤተሰቦች ኮሪደር ላይ ይዘውኝ «ዶክተር እባክህ እንዳትነግራት» ይሉኛል፣ በሩን ዘግቼ ታማሚዋን ሳነጋግር ደሞ እሷ «አውቄዋለሁ፣ ልጆቼ እንዳይደነግጡ ዝም ብዬ ነው» ትለኛለች። ሁለቱም ወገን አንዱ ላንዱ ብሎ ይደብቃል፣ ህክምናው መሀል ላይ ይቀራል።

«ያ ሁሉ መከራ ያልጣላት» ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ቤተሰብ የሚስተው እዚህ ጋ ስለሆነ። መከራ ያየ ሰው ለሚቀጥለው መከራ የጠነከረ ይመስለናል። እናትሽ ግን እስከዛሬ ያለፉትን በምን ጉልበት እንደሆነ ተመልከቺ፣ አባትሽ ሲሞቱ አራት ልጅ መብላት ነበረበት፣ በ2014 ጀርባቸው ላይ ህፃን ነበር። ሁሌም ለሌላ ሰው ሲሉ ነው የተነሱት። ይሄ በሽታ የሚጠይቃቸው ግን ተቃራኒውን ነው፣ ተኝተው እንዲታጠቡ፣ የልጆቻቸው ገንዘብ ለሳቸው እንዲወጣ፣ አንቺ ከስራሽ ቀርተሽ እሳቸውን ይዘሽ እንድትሄጂ። ይሄንን ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ቀን አልተለማመዱትም። ስለዚህ «በቃኝ» ሲሉ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው «አትክሰሩብኝ» ነው። አንዲት የገጠር እናት ትዝ ይሉኛል፣ ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስቴም ኬሞ እንቢ ብለው ሄዱ፣ እኔም ሞትን ፈርተው ነው ብዬ ስለ በሽታው ስደሰኩር ቆየሁ። አራተኛው ላይ ነርሷ ስትጠይቃቸው ነገርየው ሌላ ሆኖ ተገኘ፣ ልጃቸው ለህክምናው በሬውን ሊሸጥ ሲማከር ሰምተው ነው። በሬው እንደማይሸጥ ልጁ ፊታቸው ከማለ በኋላ ኬሞውን ጨረሱ። እኔ አንድም ቀን ስለ በሬ አልጠየቅኩም ነበር።

ስለዚህ እናትሽን አበርቺ ከማለት በፊት ጠይቂያቸው። «እማ፣ ደሴ ብንሄድ ምኑ ነው የሚከብድሽ?» ብለሽ ዝም በይ። መልሱ ሞት ላይሆን ይችላል። ብር ሊሆን ይችላል፣ ወንድ ሐኪም ፊት መራቆት ሊሆን ይችላል፣ ከመርፌው በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ሐረጎ ላይ ሰው ፊት ማስመለስ ሊሆን ይችላል፣ ጦርነቱን ያየ ሰው ደሞ የተዘጋ ክፍል፣ ወረፋ፣ የሚጮህ ሰው ራሱ ሰውነቱን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ለእያንዳንዱ የሚደረግ ነገር አለ። ዝም ብሎ «አብሽሪ» ግን ለየትኛውም መልስ አይሆንም። ቃሉን ጠልቼው አይደለም፣ የወሎ ልጅ ነኝ፣ አብሽር እየተባልኩ ነው ያደግኩት፣ ግን ታማሚው ገና አፉን ሳይከፍት የሚባል አብሽሪ ወሬውን ይዘጋዋል።

ሀዘኗ ነው ያመጣባት የሚለውን ተዉት። ሀዘንና ስትሬስ በቀጥታ የጡት ካንሰር ያመጣሉ የሚል አሳማኝ ማስረጃ የለም። በሀገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ነው፣ ቀጥሎ የማህፀን በር፣ እና ደልቷት የኖረችም የተጎሳቆለችም ይይዛታል። ሴት መሆን፣ ዕድሜ መግፋት፣ በዘር የሚወረስ ነገር፣ ለረጅም ዓመት የሚሰሩ ሆርሞኖች፣ የሚታወቁት እነዚህ ናቸው፣ በአንድ ሰው ላይ ግን ለምን እሷን ለሚለው አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለንም። ይሄን የምልሽ የሀዘኑ ወሬ ጉዳት ስላለው ነው፣ እናትየው «አልቅሼ አልቅሼ አመጣሁት» ብላ ራሷን ትከሳለች፣ ልጆቹ ደሞ ከዛ ወዲያ ፊቷ ማልቀስን ይከለክላሉ።

ሌላው ስህተት «የጠነከረ ይድናል» የሚለው ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 1,093 የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትሎ ነበር፣ ስሜታቸው ጥሩ መሆኑ ዕድሜያቸውን አላስረዘመም፣ ስሜታቸው መጥፎ መሆኑም አላሳጠረም። ይሄ ለኔ ደስ የሚል ውጤት ነው። እናትሽ አልቅሰውም፣ ፈርተውም፣ ተነጫንጨውም መዳን ይችላሉ ማለት ነው፣ የሚጠበቅባቸው ቀጠሮ ላይ መገኘት ብቻ ነው። እጢውን የሚያሟሽሸው መድኃኒቱ ነው፣ ፈገግታ አይደለም።

ድብርት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከዚህ ጋር እንዳታምታቺው። ድብርት ያለበት ሰው ሐኪም ያዘዘውን ሳይከተል የመቅረት እድሉ ድብርት ከሌለበት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ እዪ፣ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ እንቅልፍ ካጡ፣ ምግብ ከተዉ፣ ያዘሉት የልጅ ልጅ ራሱ ካላስደሰታቸው፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ነገር ከደጋገሙ፣ ይሄ የሚታከም ህመም ነው እና ለካንሰር ሐኪሙ ንገሪ፣ የአእምሮ ህክምና ክፍል ጋ ያገናኛችኋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ለድብርት በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ ፍሉኦክሰቲን ነው፣ እናትሽ ወደፊት ታሞክሲፈን የሚባለውን የሆርሞን ክኒን የሚጀምሩ ከሆነ ፍሉኦክሰቲን የታሞክሲፈኑን ስራ ሊያዳክምበት ይችላል፣ ሌላ የሚስማማ አለ። ሁለቱን የሚያዙት ሐኪሞች የተለያዩ ስለሚሆኑ እንዳይተላለፉ፣ መድኃኒቶቹን በሙሉ ይዘሽ አሳዪ።

አሁን ወደ ንግግሩ። ወንድምሽ «ትሞትብናለች» ያለው ከፍቅር ነው፣ ግን ካንሰር የሚለውን ቃል ሰምቶ የሞተ ታማሚ አላየሁም፣ ሳይነገረው ህክምና አቋርጦ የሞተ ግን ብዙ አይቻለሁ። አንቺና ወንድምሽ መጀመሪያ ተስማሙ። ከዛ ጎረቤት በሌለበት፣ ሲመሽ ሳይሆን ቀን ላይ፣ ከሁለታችሁ የሚቀርቡት አንዱ ይንገራቸው። መጀመሪያ «ስለ ህመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» ተብለው ይጠየቁ። ማወቅ አልፈልግም፣ እናንተ ጨርሱ ካሉ መብታቸው ነው፣ ማን ይወስንልሽ ብላችሁ ጠይቁ። ልወቅ ካሉ ቃሉን ራሱን ተናገሩ፣ «እማ፣ ያ እብጠት የጡት ካንሰር ነው፣ መድኃኒት አለው፣ ዶክተሩ ልጀምርልሽ ብሏል።» በቃ። ከዛ ዝም፣ ቢያለቅሱ አታስቁሟቸው። «ምንም አይደለም፣ ቀላል ነው» አትበሉ፣ ነገ ፀጉራቸው ሲረግፍ ውሸታሞች ትሆናላችሁ። እናንተ ካልቻላችሁ ሐኪሙን ፊታችሁ ይንገርልን በሉት፣ ስራው ነው።

ስቴጅ 3 ምን እንደሆነም በደንብ ይስሙ። በሽታው ጡቱ ላይ ገፍቷል፣ ብዙ ጊዜ ብብት ስር ያሉት ንፍፊቶች ጋ ደርሷል፣ ወደ ሳንባ ጉበት አጥንት ግን አልሄደም ማለት ነው። ስለዚህ ህክምናው የሚሰጠው ለማዳን ታስቦ ነው። ኬሞው ከኦፕራሲዮኑ በፊት የቀደመው እጢውን ለማሟሸሽ ነው፣ በየ21 ቀኑ አንዴ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዙር፣ ከዛ ጡቱ ይወጣል፣ ከዛ ጨረር፣ የናሙናው ውጤት እጢው ኢስትሮጅን ሪሴፕተር አለው (በሴት ሆርሞን የሚያድግ ነው) ካለ ደሞ 5 ዓመትና ከዛ በላይ በየቀኑ አንድ ክኒን። የሪሴፕተር ምርመራው ተሰርቶ እንደሆነ ጠይቂ፣ ሳይሰራ የሚቀርበት ጊዜ አለ፣ ያ ርካሽ ክኒን የሚገኘውም የሚቀረውም በዛ ወረቀት ነው።

ኬሞው የሚሰጥበት ቀን ራሱ ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ደም ይታያል፣ ወንበር ላይ ወይ አልጋ ላይ ተሁኖ በግሉኮስ መልክ ሰዓታት ይፈሳል፣ አንደኛው መድኃኒት ቀይ ስለሆነ ሽንት ለአንድ ሁለት ቀን ይቀላል፣ ደም መስሏቸው እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ለዚህ ቀይ መድኃኒት ሲባል ልባቸው አስቀድሞ በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) መታየት አለበት። የማስመለሻው ነገር ብዙ ሰው የሚፈራው ነው፣ አሁን ጥሩ ጥሩ መከላከያ ክኒኖች አሉ፣ ግን ኬሞው ከመጀመሩ በፊት መዋጥ አለባቸው፣ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ አይደለም፣ እና ከቻላችሁ የመጀመሪያውን ዙር ቀን እዛው ደሴ ዘመድ ቤት እደሩ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ በዛው ቀን አትውረዱ። ፀጉር በ2 እና በ3 ሳምንት ውስጥ ይረግፋል፣ ሲያልቅ ይበቅላል፣ ሻሽ የለመዱ እናት ስለሆኑ ከቤት ሰው ውጪ ማንም ላያውቅ ይችላል፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይምሰልሽ። ካንሰሩ አይተላለፍም፣ ከአንድ ትሪ ይብሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ይቀፉ፣ ከኬሞ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ብቻ ሽንትና ትውከታቸውን የምታፀዳ ሰው ጓንት ታድርግ።

አንድ ነገር ግን አልቀልድበትም፦ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ወይም ካንቀጠቀጠው በዛው ሰዓት ሆስፒታል ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። የሚበዛው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው፣ ነጭ የደም ሴል የሚወርድበት ጊዜ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ ሰው ይገድላል። ቴርሞሜትር ግዢ።

«ምላጭ ከነካው ይሰራጫል» የሚል ሰው ደሞ መቼም አይጠፋም። ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሰዉ ዘግይቶ ይመጣል፣ ኦፕራሲዮን ሲደረግ በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቷል፣ ሲሞት ግን ሰው ያየው ምላጩን ነው። ናሙና መውሰድም ሆነ እጢውን ማውጣት በሽታውን አይበትነውም። ስኳር ይመግበዋል ብሎ ማስራብም እንደዛው፣ በኬሞ ላይ ክብደት የጣለ ሰው ነው የሚጎዳው፣ በደንብ የበሰለ ምግብ፣ እንቁላሉም ሽሮውም ስጋውም ይብሉ፣ ጥሬ ነገር ብቻ ይቅር። ዱዓውን ማንም አይከለክልም፣ ለክርስቲያን አንባቢም ፀበሉን፣ ከህክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። «አላህ የጻፈው» ላሉት የሚያከብሯቸውን ሼህ ቤት ጥሪ፣ ለበሽታው ሁሉ መድኃኒት ወርዷል፣ ታከሙ የሚለው ሐዲስ ከኔ አፍ ይልቅ ከሳቸው ቢሰማ ይሻላል፣ ረመዳን ላይም በሽተኛ እንደማይገደድ ያስረዷቸዋል። የማልስማማው ከመሃል የሚገባ ቅጠልና ስር ሲሆን ነው፣ ጉበትና ኩላሊት ይነካል፣ ከኬሞው ጋር ምን እንደሚያደርግ ማንም አይነግርሽም።

ብሩን ሳታነሺ ወኔ አታነሺ፣ በሬውን አስታውሺ። ኬሞው ደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሰጣል፣ አዲስ አበባ መንከራተት የለም። የጤና መድን አባል ከሆኑ ሪፈር ወረቀቱን በስርዓቱ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ከኪስ ልትከፍሉ ትችላላችሁ፣ አባል ካልሆኑ ዛሬውኑ ቀበሌ ጠይቂ፣ ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። መድኃኒት ከሆስፒታሉ ፋርማሲ የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ከውጭ ብትገዙ ደረሰኙ ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጨረሩ ነው ርቆ የሚያስኬደው፣ ለረጅም ዓመት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን ከአዲስ አበባ ውጪም ተጀምሯል፣ ቢሆንም ወረፋ አለ፣ ስለዚህ ኦፕራሲዮኑ እስኪያልቅ አትጠብቁ፣ ገና ኬሞ ላይ እያሉ ሐኪሙን ስለ ጨረር ወረፋ ጠይቁት። አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ ካስፈለጋችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ፣ አንድ አባት በካንሰር ልጁን ካጣ በኋላ ያቋቋመው ነው። ቅሬያችሁንም (እድራችሁን) ጠይቁ፣ ቅሬ ለቀብር ድንኳን የሚተክለውን ገንዘብ ሰው በህይወት እያለ ለትራንስፖርት ቢያወጣ ምን አለበት? እሺ ያሉ ቅሬዎች አይቻለሁ።

የማልሸጥልሽ ነገር ደግሞ አለ። ስቴጅ 3 ሆኖ ሁሉንም ህክምና ጨርሶም ተመልሶ የሚመጣበት ሰው አለ፣ ዋስትና አልሰጥሽም፣ ሐኪማቸውም አይሰጥሽም። እና እናትሽ ሁሉንም አውቀው፣ ድብርት ሳይኖርባቸው፣ ብሩም ተፈትቶ አሁንም እንቢ ካሉ መብታቸው ነው፣ ጎትቶ መውሰድ የለም። ግን እንቢ የሚሉት ምኑን እንደሆነ ይወቁ። ብዙ እናቶች «በቃኝ» ሲሉ ቤታቸው ተኝተው በሰላም የሚሄዱ ይመስላቸዋል። ያልታከመ የጡት ካንሰር ቆዳውን ቀዶ ይወጣል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል፣ እጅ ያብጣል፣ ያማል። ይሄን ለማስፈራራት አትጠቀሚበት፣ ግን አትደብቂያቸው፣ ኬሞን ፈርቶ ከኬሞ የባሰውን ሳያውቁ መምረጥ ምርጫ አይደለም። እንቢ ካሉም ህክምና አያልቅም፣ ለህመም የሚዋጥ ሞርፊን አለ፣ በትክክል ሲታዘዝ ሱሰኛም አያደርግም ቶሎም አይገድልም፣ የቁስል እንክብካቤም አለ።

የኔ ምክር ይሄ ነው፣ በዚህ ሳምንት ይደረግ እንጂ ወደሚቀጥለው ወር አይሻገር፣ ስቴጅ 3 ቀጠሮ አይጠብቅም። ዛሬ ወንድምሽን አሳምኚ፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ንገሯቸው። ሙሉውን የስድስት ወር ህክምና እሺ በዪ አትበሏቸው፣ ለደከመው ሰው ያ ተራራ ነው። «አንድ ቀን ደሴ እንሂድ፣ ዶክተሩን አንቺው ጠይቂው» በሉ፣ ከዛ «የመጀመሪያውን ዙር እንየው፣ ከሱ በኋላ ቁጭ ብለን እናወራለን» እና ከምር ቁጭ ብላችሁ አውሩ፣ ማታለያ ካደረጋችሁት ሁለተኛ አያምኗችሁም። ሐኪሙ ፊት ወንበሩ ላይ እሳቸው ይቀመጡ፣ አንቺ ከኋላ ቁሚ፣ ጥያቄውን እሳቸው ይጠይቁ። የባዮፕሲውን (የናሙናውን) ውጤት፣ አልትራሳውንዱን፣ የጤና መድን ደብተሩን፣ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ በአንድ ፌስታል አድርጊ። ጋቢም ያዢላቸው፣ የደሴ ጠዋት ለኮምቦልቻ ሰው አይሆንም።